መጀመሪያ ተቀመጪ

አማቼ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ችግር ይዞ የመጣን ሰው በቁሙ አያናግሩም ነበር። ደጃፉ ካለው መደብ ላይ ፈቀቅ ብለው፣ "መጀመሪያ ተቀመጥ፤ የቆመ ሰው የልቡን አይናገርም" ይላሉ።

ልጄ ማስተርስ ልትማር ስትነሳ እኔም በቁሜ ተነጫነጭኩባቸው። ትምህርቱ የማኅበራዊ አገልግሎት አስተዳደር ነው፤ የተቸገረ ሰው የሚረዳበትን ቢሮ መምራት ማለት ነው ብላኛለች።

"አንድ ዲግሪ መች አነሳት? አይሆንም በሏት" አልኩ።

"አንቺም ተቀመጪ።"

ስቀመጥ እንባዬ መጣ። "ትምህርቱን አይደለም አባባ፣ መንገዱን ነው የምፈራው።"

"እንግዲያ ስለ መንገዱ እንምከር፤ ዲግሪው ምን አደረገሽ?" አሉና አውቶቡስ እስከምትሳፈርበት እስከ ጋሸና ራሳቸው ሸኟት።

ምርቃቷን ሳያዩ አረፉ። በመደቡ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ እሳቸው በሚለቁልኝ ቦታ ላይ ይቀራል። ልጄ ግን፣ ተመስገን፣ በደህና ጨርሳ ገባች፤ ወረዳ ላይ ተቀጠረች።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ ሄድኩ። ለባለጉዳይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስገብታለች፤ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። እኔ ግን በሩ ላይ እንደቆምኩ ወሬዬን ጀመርኩ።

"እምዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከሄደች ወዲህ ያለ ፍርሃት ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውንም እግዜር ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን።