የተሰፋው ከረጢት

ይህ የገጠመኝ ዘንድሮ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ወደ ወረታ በተመለስኩ ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ነገሩ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፤ ትንሽም ያሳፍረኛል።

ስለ አነስተኛ ንግድ ስንማር መምህራችን «በደንብ የታሸገ ዕቃ ይፈለጋል» ብለውን ነበር። ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ቤት እንደደረስኩ እናቴን አንድ ኩንታል ሩዝ ለመንኳት። ለነጋዴ በጅምላ ከሚሰጥ፣ እኔ ለቅሜ በትንንሽ ከረጢት ልሸጠው አሰብኩ።

«አንድ ቅዳሜ ሰጥቼሻለሁ» አለችኝ። «ካልተሸጠ ለነጋዴው ይሄዳል። ዳግመኛም ይህን ወሬ እንዳታመጪብኝ!»

ከመፈልፈያ የመጣውን ሩዝ አራት ቀን ሙሉ አበጠርኩ፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ነጫጭ ከረጢቶች ሞልቼ አፋቸውን በሲባጎ ድርብ አድርጌ ሰፋሁ። በላያቸው «ጠጠር የሌለው የፎገራ ሩዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሲያምሩ!

ቅዳሜ ማልጄ ገበያ ወጣሁና ጥላ ያለበትን ቦታ ይዤ ደረደርኳቸው። ሰው ይመጣል፣ ያነባል፣ ከረጢቱን ይደባብስና ይሄዳል። የሌሎቹ ሻጮች ጆንያ አፉ ክፍት ነው። ገዢው እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ከታች ይዘግናል፤ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ከዚያ ይገዛል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግኩት። ያን ዕለት ግን ጭራሽ አልታየኝም።

አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሩዝ ነው ክታብ? ምን ብትደብቂበት ነው እንዲህ የሰፋሽው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«ጽሑፉን አልቀቅለው!»

በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ሳቀ። እስከ ቀትር አንድም አልተሸጠም። እንባዬ መጣ።

ከፊት ለፊቴ ፀሐይ ላይ ሩዛቸውን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ተነሥተው መጡና ሳይጠይቁኝ ሰንጢ አውጥተው የአንዱን ከረጢት ስፌት በጠሱት።

«አባባ፣ ምን ነካዎት! ይከፍሉኛል!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ከታች ዘግነው አንድ ፍሬ ሰበሩ። የቀረውን መዳፋቸው ላይ በትነው ጠጠር ፈለጉ።

«አንቺ ክታብ ያልሽው ሴትዮ!» ብለው ገና ገበያው ውስጥ የምትዞረውን ሴትዮ ተጣሩ። «ነይ እስቲ፣ እጅሽን ክተቺ!»

መጣች፤ ከተተች፤ አኘከች። ቀጥላም «ሁለት ስጪኝ» አለችኝ። ከእርሷ በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የቀረኝ ያ የተከፈተው ከረጢት ብቻ ሆነ።

እርሱን በነጻ እንዲወስዱልኝ ሽማግሌውን ብለምናቸው ሳቁብኝ።

«እኔ ሩዝ ልሸጥ አይደል የመጣሁት? አንቺ ከፊቴ ስታለቅሺ ማን የኔን ይገዛል? በይ አሁን ቦታውን ልቀቂልኝ፤ ጥላ አለው!»

ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ከይፋግ በኩል እንደሚመጡ ብቻ ሰምቻለሁ።

እናቴ ለክረምቱ ሌላ ኩንታል አስቀምጣልኛለች። ደብተሬ ላይም ካሰመርኩበት ሥር «አንዱ ተከፍቶ ይቀመጥ» የሚል ጨምሬያለሁ። እንደዚያ መጮኼ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ስመለስ ማልጄ እወጣና ያንን ጥላ እይዛለሁ፤ እርሳቸው ሲመጡ ለመልቀቅ።