ዘርኣጽዮን ለሐኪሙ ያልነገረው

ዘርኣጽዮን ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢያንስ ነው። በስደት በምንኖርበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግንባት ክፍል በሯ ዝቅ ያለ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ይገባ ነበር። "እግዜር አንተን ሲሠራ መለኪያው ጠፍቶበት ነው" እለው ነበር። ጣቶቹማ ጉድ ነበሩ፤ ሬዲዮ ውስጥ የወደቀ ብሎን እኛ በወረንጦ ስንፈልግ እሱ እጁን ሰዶ ያወጣዋል። ከአገር ከተሰደድነው መካከል እንደሱ የሚስቅ ሰው አላየሁም።

የእኔ ሥራ ለስደተኞች ማመልከቻ መጻፍና ማስተርጎም ነው። በ1974 ዓ.ም. ካናዳ ለመሄድ ሲያመለክት የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ታሪኩ ደካማ ነበር፤ ሊያስሩት መሆኑን ሰምቶ ሸሸ እንጂ ማንም አልነካውም። "ወንድምህ ተኽለሚካኤል ሞቶ የለ? ደርግ ገደለው በል" አልኩት። ተኽለሚካኤል የሞተው ግን በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ምሳ እየበላ ሳለ፣ "ጀርባዬን ቀደደኝ" ብሎ ጮኾ ነው። አባታቸውም በጎልማሳነታቸው እንዲሁ ነው የሄዱት። ዘመድ ሁሉ ምች ነው ብሎ ቀበራቸው። ዘርኣጽዮን ሁለት ቀን አስቦ ፈረመ። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሚስቱ ሃረጉ እየሮጠች መጣች። ዘርኣጽዮን ደረቱን ይዞ ተንበርክኳል፤ ሕመሙ ወደ ጀርባው እየወረደ ነው። በማታቱ ሚኒባስ ሆስፒታል አደረስነው። ወጣቱ ሐኪም የሁለቱንም ክንድ ደም ግፊት ለካ፣ ራጅ አስነሳው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ከቤተሰቡ በድንገት የሞተ አለ? አባት? ወንድም?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ተረጎምኩለት።

ዘርኣጽዮን ላቡን እየጠረገ "አባቴ በእርጅና ሞተ፣ ወንድሜን ደርግ ገደለው በለው" አለኝ።

"ይሄ እኮ ዳክታሪ ነው፣ ሐኪም!" አልኩት።

"አየለ፣ ወረቀት ከወረቀት ይገናኛል። የካናዳው ፋይላችን ሊያልቅ አንድ ወር ነው የቀረው። ለኣባዲት ስል ነው።"

ኣባዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ እንዳለኝ አድርጌ ተረጎምኩ። ውሸቱን ያስተማርኩት እኔ፤ በምን አፌ ልገሥጸው? ሕመሙም ጋብ አለለት። ሐኪሙ ማስታገሻና የደም ግፊት ክኒን ሰጥቶ ሰኞ ተመለስ አለው።

ቅዳሜ ዕለት ሕመሙ ተመለሰበት። ሆስፒታል ሳንደርስ እጄ ላይ ሞተ።

አስከሬኑን ሆስፒታል አስገባነው፤ ያው ሐኪም አስመርምሮ ወጥቶ ምክንያቱን ነገረን። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳው ተሰንጥቆ ኖሮ በመጨረሻ ፈንድቷል። እየተናገረ ሳለ ኣባዲትን አያት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ በቁመት እናቷን በልጣለች፣ ክንዶቿ ረጃጅም ናቸው። ሐኪሙ ንግግሩን አቋርጦ ያንኑ ጥያቄ ደገመልኝ፤ "ይህ ሕመም ረጃጅም ሰዎች ባሉበት ቤት በዘር ሊወርድ ይችላል። በእርግጥ ከቤተሰቡ በዚህ ዓይነት የሞተ የለም?"

ሃረጉን አላማከርኳትም። "ወንድሙ እንደዚሁ ነው የሞተው፤ አባቱም" አልኩ።

"ሐሙስ ዕለት ባውቅ ኖሮ እዚሁ ሆስፒታል አስተኛው ነበር። ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን እሞክር ነበር። ለምን ደበቃችሁኝ?"

የካናዳውን ነገር ነገርኩት። ሐኪሙ የሕክምና ካርዱን በጣቱ ነካ አደረገ። "እዚህ የተጻፈ እኛው ጋ ይቀራል" አለ፤ "የስደተኞች ቢሮ አያየውም።"

"ጋሽ አየለ፣ ምን አለ?" አለችኝ ሃረጉ።

አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮኸችም። ኣባዲትን ክንዷን ይዛ አመጣችና ሐኪሙ ፊት አቆመቻት።

"በል አሁን ስለሷ ንገረው" አለችኝ። "ባለፈው ወር ደረቴን አለችኝ፤ ፋይሉ እስኪያልቅ ዝም በይ ብያት ነበር። ሁሉንም ንገረው።"