አጎቴና የሮክ ልጆች

ቀየት የምትባል የገጠር ከተማ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ከአዲስ አበባ የምወስድላቸውን የሮክ ሙዚቃ ካሴት ሁሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡና፣ «ይሄስ የማን ልጅ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ሮክ ኤንድ ሮል ከብሉዝ፣ ሄቪ ሜታል ከሀርድ ሮክ እንደተወለደ እነግራቸዋለሁ። ፐንክ የሚባለውን ቁጡና አመጸኛ ሮክ የሰሙ ቀን፣ «ይሄ እንኳ ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት የወጣ ነው» ብለው አሳቁኝ። በኋላ የመጣውን ግራንጅ የሚባል የሮክ ዓይነት ግን አስደገሙኝና፣ «ይሄ ልጅ ሐዘን አለበት፤ አይዞህ የሚለው ሰው የለውም እንዴ?» አሉ።

ለፋሲካ አዲስ ካሴት ይዤ ስደርስ አጎቴ ተቀብረዋል። ቴፑ ከመደባቸው ራስጌ እንደተቀመጠ ነው። ሙዚቃውን ጩኸት ነው እያሉ ከቤት ይወጡ የነበሩት ባለቤታቸው፣ «እስኪ ክፈችው» አሉኝ። ከፈትኩት። እያለቀሱ አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ጨምሪው ልጄ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» አሉ።