በመብራቱ ሥር የተፋቀው ብረት

የአባቴ ሎሪ ለቁርጥራጭ ተሽጦ ሱዳን ውስጥ ከሰላ ከተማ እንዳለ ሰምቼ ባለፈው ሳምንት ላየው ሄድኩ። የቁርጥራጭ ግቢው ሰው የግራውን መብራት ሲፈታልኝ የቆየ ግራሶ ሸተተኝ፤ ወዲያው አያ ይርጋ ትዝ አለኝ።

አያ ይርጋ በልጅነቴ እኛ በምንኖርባት በሱዳኗ ሾዋክ ከተማ ገበያ ዳር የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራ ነበር። ወታደር የጫነ አረንጓዴ መኪና ቀዬው ገብቶ ነው ከአገር ቤት በመተማ በኩል የሸሸው። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

አባቴ ደግሞ ያለ የሌለውን ሸጦ ጦር ሠራዊት ያስወገደውን አረንጓዴ አሮጌ ሎሪ ገዛ፤ የቀን ሠራተኛ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ሊያመላልስበት። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን እንደ አያ ይርጋ ሸሽቶ የመጣው የሠፈራችን ሰው አረንጓዴውን ሲያይ ከመንገድ ወጣ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሮጡ። አባቴ በጣም አፈረ። ሦስት ቀን ሙሉ ቢጫ ቀባው፤ ብሎኑን፣ የመብራቱን መቀመጫ ሳይቀር። ቢችል ጎማውንም ከመቀባት አይመለስም ነበር።

ቀለሙ ሲደርቅ መብራቶቹ ታመሙ። የፊቱ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ይቀላል፤ ፍሬቻው ሲበራ የኋላው አብሮ ይርገበገባል። አምፖል ቢቀየርም ያው ሆነ። በማግሥቱ የትራፊክ ምርመራ ነበረብን፤ ካላለፍን የዓመቱ አጨዳ ሊያመልጠን ነው። ጎረቤቶቻችን "ዓይን ነው" አሉ። እኔ ግን ነገሩን ለማወቅ ጓጉቼ አባቴን ተከትዬ አያ ይርጋ ዘንድ ሄድኩ።

አያ ይርጋ ቢጫው አላታለለውም። ሎሪውን አይቶ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ቀረበ። አምፖሉን አልነካም። የረዥም ሽቦ አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ አስሮ ሌላውን የመብራቱን ቆርቆሮ ሲያስነካው መብራቱ ቦግ አለ።

"አያ፣ ሽቦው ምን አደረገው?" አልኩት።

"ማሳ አጥቶ ነው፣ ልጄ፤ የኤሌትሪክ መመለሻ ማለት ነው። ኤሌትሪኩ በሽቦ ይመጣል፣ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ያባትሽ ቀለም መመለሻውን ዘጋበት። ከመብራቱ ሥር መፋቅ አለበት።"

አባቴ ደነገጠ። "ኧረ ተው! አረንጓዴው ከታየማ ማን ይሳፈርልኛል?"

"አይታይም፤ አረንጓዴውንም አልፌ ብረቱን ነው የማወጣው። ደግሞ ከዚህ መኪና የሚሸሽ ቢኖር የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?"

አያ ይርጋ መብራቱን ፈትቶ በቢላ መፋቅ ጀመረ። ቢጫው ረገፈና አረንጓዴው ብቅ ሲል እጁ ቆመ። ምን እያየ እንደነበር ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ፋቀው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ሳንቲም የምታህል ብረት ነጣች። እንዳይዝግ ግራሶ ቀብቶ መብራቱን መልሶ አሰረው። የቀሩትንም እንዲሁ አደረገ። በማግሥቱ ምርመራውን አለፍን፤ የዚያን ዓመት አጨዳ ሎሪው ሰው ሞልቶ ተመላለሰ።

ባለፈው ሳምንት ከሰላ ሳየው ቢጫውም አረንጓዴውም ረግፎ ሎሪው ዝገት ብቻ ሆኖ ነበር። ከተፈታው መብራት ሥር የደረቀውን ግራሶ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ያቺ አያ ይርጋ የፋቃት ብረት እንደነጣች ነበረች።