ጋሽ ሙላት ያልሰሙት ድምፅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ሐሜቱን፣ መጠጡን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋታለሁ። እሳቸው "ሌላ የቀረ አለ?" ይሉኛል። እኔም "የለም አባቴ" እላለሁ። እንግዲህ ኃጢአቴን ላራግፍ ሄጄ አንድ ውሸት ጨምሬ ነው የምመለሰው። ዛሬ ለእናንተ ልናገር፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

የሞተር ሳይክል መካኒክ ነኝ። እንጀራዬ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብላ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋራዧ የጋሽ ሙላት ነበረች፤ ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ሙላት የታመመ ሞተር የሚመረምሩት በጆሯቸው ነበር። እጀታው የእንጨት የሆነ ረጅም ካቻቢቴ ነበራቸው። የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ያለው አጥንት ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ የሚያወራ የለም። መንገድ ዳር "ቤቴል! ቤቴል!" የሚለውን የታክሲ ረዳት እንኳ "ዝም በል እንጂ፣ ጋሼ እያዳመጡ ነው" ብለን እንቆጣው ነበር። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ይገልጡና "ፒስተኑ ነው" ወይም "ምንም የለውም፣ ካንዴላ ቀይርለት" ይላሉ። ፈትተን ስናየው እንዳሉት ነው። እኔ ሳልፈታ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ፈትቼም የማላውቅበት ቀን ይበዛ ነበር።

ለእንደኔ ዓይነቱ መካኒክ አንዲት መሸሸጊያ ጥያቄ አለችለት። ደንበኛ ሲመጣ ገና መፍቻ ሳናነሳ የምንጠይቃት ናት፦ "ማን ነካው?" ለሰሚው የምርመራ መጀመሪያ ትመስላለች። አይደለችም። ከእኔ በፊት የነካው ሰው ስም ከተገኘ ጥፋቱ ባለቤት አገኘ ማለት ነው፤ ችግሩን ባላውቀውም ከወቀሳ ድኛለሁ። ስንቱን መካኒክ በዚህች ጥያቄ ስሙን አጥፍቻለሁ! ግን የማንንም እንደ ጋሽ ሙላት አላጠፋሁም።

ነገሩ የመጣው በመምህር ደጀኔ ሞተር ሳይክል ነው። መምህር ደጀኔ እኩያዬ ነው፤ ከአባቱ በወረሳት አሮጌ ቀይ ሞተር ሳይክል ከቀራንዮ ተነስቶ ከቤቴል ወዲያ እየሄደ ያስተምራል። አንድ ክረምት ዝናብ በታንኩ ክዳን እየገባ ቤንዚኑን ከውሃ ቀላቀለበት። የክዳኑ ጎማ ተበልቷል፤ ለዚያ ዕድሜ ሞተር ሳይክል ደግሞ ጎማው ገበያ ላይ የለም። እኔ ታንኩን አጠብኩና ከሰማያዊ ፌስታል ላይ ክብ አድርጌ ቆርጬ፣ ደራርቤ ከክዳኑ ሥር ወትፌ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። በክረምት ሁላችንም የምናደርጋት ነገር ናት። ለማንም አልተናገርኩም። ምኑ ይነገራል?

በሳምንቱ መምህር ደጀኔ ተመልሶ መጣ። ሲነሳ ደህና ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ይታነቅና ቀጥ ይላል አለ። ዳር ይዞ ትንሽ ሲጠብቅ እንደገና ይነሳለታል። ካንዴላ ቀየርኩ። በሁለተኛው ቀን ከታንኩ የወረደውን ቤንዚን ለሞተሩ የሚመጥነውን ካርቡራተር ፈትቼ አጠብኩ። ጋራዡ ውስጥ ስናስነሳው ምንም እንከን የለበትም፤ መንገድ ላይ ይሞታል። አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ፣ ሳቁ ግን አይጥመኝም። ቤንዚን ይኖረው ይሆን ብዬ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር መድኃኒቱን እሰጠው ነበር። ከዚያ ፌስታሏን በጥንቃቄ አስተካክዬ፣ በሽታውን መልሼ እከድንበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለጋሽ ሙላት ሰጠኋቸው። ካቻቢቴያቸውን አሳርፈው ረጅም ሰዓት አዳመጡ። "ይሄ ሞተር ጤነኛ ነው" አሉ። "ቤንዚን ነው የሚያጥረው።" ካርቡራተሩን ራሳቸው ፈትተው አዩት፤ ንጹሕ ነው፤ ገጠሙት። "እንግዲህ ከዚህ በላይ ነው ያለው። ይደርና ነገ ታንኩን እናየዋለን" አሉ። መምህሩ ግን ፈተና ነበረበትና አሁን ደህና ከሆነ ይበቃል ብሎ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ሞተር ሳይክሉን በአንድ እጁ እየገፋ መጣ። ሌላው እጁ በሻርፕ ተጠቅልሏል። ከሥራ ሲመለስ ሰፈር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አቀበቱ መሐል ቀጥ ብሎበት፣ ከኋላው ሚኒባስ ሲያንባርቅበት ደንግጦ ወድቋል። የሚጽፍበት እጁ ነው። ጋሽ ሙላት ምሳ ሄደው ገና አልተመለሱም ነበር። መምህሩ ጭቃውን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር፣ እኔ እንደ ልማዴ ክዳኑን ከፈትኩ።

ፍስስስ አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ፌስታሏ ጥርስ እንደሌለው ሰው ጉንጭ ወደ ውስጥ ሰርጉዳ ነበር።

ወዲያው ገባኝ። የታንክ ክዳን ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። በሷ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ሙላት ናቸው፣ ያውም በመጀመሪያው ዓመት። ቀዳዳዋን የደፈንኳት እኔ ነኝ። መምህሩን የጣልኩት እኔ ነኝ። ፌስታሏን ጨብጬ ኪሴ ከተትኳት።

መምህር ደጀኔ እጁን እያራገፈ መጣና "መጨረሻ ላይ ማን ነበር የነካው?" አለኝ። የገዛ ጥያቄዬ ነበረች። "ጋሽ ሙላት ናቸው" አልኩት። ውሸት አይደለም፤ መጨረሻ የነኩት እሳቸው ናቸው። ግን ሰው እውነት እየተናገረ እንዲህ ሊያስጠላ ይችላል?

ጋሽ ሙላት ሲመጡ መምህሩ ሰው ሁሉ እየሰማ "ጋሽ ሙላት፣ ጆሮዎ ከደከመ ቢያርፉ ምን አለበት? ሰው እኮ ሊሞት ነበር!" አላቸው። እሳቸው ካቻቢቴያቸውን አነሱ። ሞተሩን አስነስተው አዳመጡ። "ጤነኛ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ካቻቢቴውን ለእኔ ዘረጉልኝ። "እስቲ አንተ ልጄ፣ ምን ይሰማሃል?"

እዚህ ላይ እንኳ መመለስ እችል ነበር። እጄን ኪሴ መስደድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ሥር አደረግኩ፤ እንደ እሳቸው ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር።

"ቫልቩ ያንኳኳል ጋሼ" አልኩ።

የሚያንኳኳ ነገር አልነበረም። የሌለ ድምፅ ሰማሁ አልኩ። እሳቸው ካቻቢቴውን ከእጄ ወስደው እንደገና አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ አንገታቸውን አዘንብለው፣ እጀታውን አጥንታቸው ላይ ጫን እያደረጉ፣ እኔ የፈጠርኩትን ድምፅ ፈለጉት። በመጨረሻ ቀና አሉ። "እኔ አልሰማሁትም" አሉ። የተናገሩት ለመምህሩ አልነበረም፣ ለእኔም አልነበረም።

ለምን አደረግኩት? ስሜን ፈርቼ ነው? ምን ስም ነበረኝ? "የእኔ ስህተት ነው ጋሼ" ብላቸው ሁለት ቃል ተቆጥተው ያበቃ ነበር። ከዚያ የባሰውን ልናገር፦ በዚያች ቅጽበት እሳቸው ያልሰሙትን እኔ የሰማሁ ሰው መሆኔ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ደስ ብሎኛል።

የቫልቩን ክዳን ከፍቼ የሠራሁ መስዬ ዘጋሁት። ሞተር ሳይክሉ ዳግም አልቆመም፤ እንዴት ይቆማል፣ ፌስታሏ ኪሴ ውስጥ ናት። ሰፈሩ "ጋሽ ሙላት ያቃታቸውን እሱ አገኘው" አለ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙላት ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ ወልውለው ሰጡኝ። "ከእንግዲህ ላንተ ይሻላል ልጄ" አሉኝ። ተቀበልኳቸው። በሁለት እጄ፣ እጅ ነስቼ ተቀበልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን አልረገጡም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። አሁን ጋሽ ሙላት ጆሯቸው በእርግጥ ከድቷቸዋል። ያኔም ጀምሯቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን ላባብል ሞክሬአለሁ። ውሸቴን ነው። ያኔ ከማናችንም የተሻለ ይሰሙ ነበር። ዕድሜ ጆሯቸውን የወሰደው፣ እኔ በጆሯቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ከወሰድኩ በኋላ ነው።

በዓል ሲሆን እጠይቃቸዋለሁ። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜም ያችኑ ያነሳሉ። "ያ የመምህሩ ቫልቭ እኮ… እንዴት አመለጠኝ?" እኔ አቀረቅራለሁ። ለእሳቸው የሚያወራ ሰው መጮህ አለበት። ግቢው ተከራይ የሞላበት ነው፤ ለጋሽ ሙላት የተነገረ ነገር ለሰፈሩ ሁሉ እንደተነገረ ነው።

ያለፈው እሁድ ግን አላስችል አለኝና ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው "ጋሼ፣ ቫልቩ አላንኳኳም ነበር። ያነቀው ፌስታል ነው፣ የወተፍኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ ልክ ነበሩ" አልኳቸው። በሹክሹክታ ነው ያልኩት። ፊታቸው በራ። እጄን ያዙና "አሜን ልጄ፣ አሜን! አንተንም ያክብርህ" አሉኝ። የመረቅኳቸው መስሏቸው ነው።

እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተናዘዝኩ አልኩ! እንደማይሰሙኝ አውቄ፣ ተከራዮቹ እንዳይሰሙኝ ተጠንቅቄ፣ ተናዘዝኩ አልኩ። ያ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ያነሰ አይመስለኝም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደሉት ሰው ገና አልሰሙኝም። ካቻቢቴያቸውን ይዤ ልሄድ፣ ግቢው ሰው ሲሞላ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ልጮህ ወስኛለሁ። ከዚህ በፊትም ወስኜ አውቃለሁና ብዙ አትመኑኝ። እስከዚያው ግን ቀራንዮ ደርሳችሁ ስለ ጋሽ ሙላት ጆሮ የሚያወራ ሰው ከገጠማችሁ፣ ማን እንደነካው ንገሩት። እኔ ነኝ የነካሁት።