ሴሚናሩ ከአንድ ትሪ የበላበት ዓርብ

እኔ አንድ ቀንም የአስኳላ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሆኖም በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኮልፌ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ ዳኛ ፊት የሚቆመው፣ ልጄን ምን ላስተምረው ብሎ የሚጨነቀው ሁሉ ከልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ አይጠፋም ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ እንኳ ምክር ይዞ ይሄዳል። ከጦር ኃይሎች ሰፈር ወዲህ እንደ እኔ ያነበበ ሰው ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ ስለ ድሮ ገበያዎች ታሪክ የሚነጋገር ትንሽ ሴሚናር በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሲዘጋጅ፣ እኔ መጠራቴ የገረመው ሌላውን ሰው ነው። ስለ ገበያ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትን ጽሑፍ ሴሚናሩን የሚመራው ዶክተር አንብቦት ኖሮ አስጠራኝ።

ሐሙስ ተጀመረ። ጠዋት የተነበበው ጥናት ደህና ነበር። ሰው የሚተዋወቀው ግን ምሳ ላይ ነው፤ ምሳው ደግሞ አላማረኝም። ክርስቲያኖቹ ሥጋ ወጡን ከበቡ። ከወሎ የመጡት ሽማግሌ ሼህና ሌሎቹ ሙስሊሞች እንቁላልና ዳቦ ይዘው ጥግ ተቀመጡ። አንድ ፈረንጅ ተመራማሪ ደግሞ ብቻውን መስኮት ሥር። እኔንም ያነጋገረኝ የለም። ይህማ አይሆንም አልኩና ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

«ነገ ምሳ እኔ ቤት ነው! ሁላችሁም! በግ ይታረዳል!»

ሼሁ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ማን ሊያርደው ነው? አንተ ካረድከው እኔ አልበላ፣ እኔ ካረድኩት አንተ አትበላ።»

ዶክተሩ ቀጠለ፦ «እሱስ ይቅር፤ ነገ እኮ ዓርብ ነው። ጾም መሆኑን ረሱት እንዴ?»

ሳቁ ጣራውን ነካ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

«ዓርብ ስለሆነማ ነው የምጠራችሁ!» አልኩ። «ሥጋ ከሌለ የክርስቲያን ትሪ፣ የሙስሊም ትሪ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኝ ሰዓት ኑ። ከጁምዓ የወጣውም፣ ጾሙን የሚፈታውም እኩል ይደርሳል። በጉን ዕድሜ ይስጠው!»

ይህን ያሰብኩት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው። ፈጣሪ የሰጠኝ ጭንቅላት እንዲህ ያለ ነው።

ባለቤቴ ስትሰማ «አንተ ሰው፣ ዶክተር ቤቴ ስታመጣ ከሳምንት በፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ዶክተርም የሚበላው በእጁ ነው።»

«መቀመጫውስ? ባንተ ወሬ በርጩማ ልለምን?» አለች፤ እጇ ግን ክኩን ማጠብ ጀምሯል።

ከሱቄ ፊት ለፊት እህል የሚሸጡት ሐጂ ደግሞ ሰፈሩ እስኪሰማ ሳቁብኝ። «ምሁር አንተ ቤት? ከመጡ ሱቄን ዘግቼ እጅ አስታጥባለሁ። ካልመጡ ግን ከእንግዲህ ‹አንብቤአለሁ› የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ!»

«ተስማምቻለሁ» አልኩ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሴሚናሩ ተበተነ፤ ከፊሉ ወደ መስጊድ፣ ከፊሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። ዝናብ ጣለ። ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ አንገቱን እያሰገገ ያየኛል። ባለቤቴ «ሽሮው ረጋ» አለችኝ። ካልመጡ በኮልፌ ከሱሪ ማሳጠር የሚያልፍ ስም እንደማይኖረኝ አውቄ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ በጭቃው መንገድ ብቅ አሉ። ዶክተሩ ሱሪውን ጠቅልሏል፤ ፈረንጁ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሏል። ሼሁን ክንዳቸውን ይዞ የሚደግፋቸው ማን ነው? ሐጂ! ሼሁ መስጊድ ውስጥ የልብስ ሰፊውን ቤት የሚያሳያቸው ሰው ሲፈልጉ የጠየቁት ሐጂን ኖሯል።

«ምን ታፈጣለህ? ውሃውን አምጣ እንጂ!» አሉኝ ሐጂ። ጆጉን ከእጄ ነጥቀው የሁሉንም እጅ በተራ አስታጠቡ።

ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑና የሱፍ ፍትፍቱ ባንድ ትልቅ ትሪ ቀረበ። ጠዋት በተነበበው ጥናት ሲሟገቱ የነበሩት ዶክተሩና ሼሁ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለ ድሮ ጨው ነጋዴዎች እየተሳሳቁ ያወሩ ጀመር። ሐጂ ፈረንጁን አጎረሱት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ደስ ብሎት ነው» አሉ ሐጂ።

«ቃሪያ ነው ያጎረሱት!» አለች ባለቤቴ።

ያደረግሁትን ልናገርና ላብቃ።

ጥግ የተቀመጡትን ሼህ መሐል አስቀመጥኩ።

ፈረንጁ ማንኪያ ሳይጠይቅ ጠግቦ እንዲነሣ አደረግሁ።

በእኔ ጥቆማ ሐጂ ቅዳሜ አዳራሽ ገብተው ስለ እህል ገበያ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው።

ቅዳሜ ፍስክ ሆኖ ሳለ ዶክተሩ ለሁሉም የጾም ምግብ አዘዘ፤ ጠረጴዛዎቹም ተገጣጠሙ።

የመዝጊያውን ንግግር እኔ አደረግሁ፤ ያዛጋ አላየሁም።

ዓርብ ሲሰናበቱ ዶክተሩ ብድግ ብሎ ባለቤቴን እጅ ነሣ፤ እሷም ከዚያ ወዲያ ሳነብ «መብራት አጥፋ» ብላኝ አታውቅም።