ለእንግዳ የፈሰሰ ውሃ

እናቴ ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠር ነበረባት። ሐኪሙ ያዘዘላት ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። «ንጹህ ውሃ ጠጪ፤ ጠጪና አሁንም ድገሚ፤ ካልጠጣሽ ኩላሊትሽ ይዘጋል» አላት። ሐኪሙ የሚኖረው ቧንቧ ሲከፈት ውሃ በሚወርድበት ሰፈር ነው። እኛ የምንኖረው ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ነበር፣ ያውም ከላይኛው ጫፍ፣ ውሃ በቦቴ በሚመጣበት። ቦቴው ሲቀር ቁልቁል ወርደን ቦኖ ላይ እንሰለፋለን፣ ከዚያ ጀሪካኑን አዝለን ሽቅብ። ቅርብ ያለው የጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ሐኪሙ እሱን በአፍሽ እንዳታዞሪ ብሏታል። እናቴ ከክሊኒኩ ስንወጣ እየሳቀች፣ «ይሄ ሰውዬ ጠጅ ጠጪ ቢለኝ ይቀለኝ ነበር» አለችኝ።

የእናቴ አባት በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እሷም እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተድራ፣ ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች በርበሬና ሽሮ እየሸጠች አሳደገችኝ። በአማርኛ ትጸልያለች፣ በሶማልኛ ትከራከራለች፤ ፈረንሳይኛ ግን እምቢ አላት። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችና አፋሮች ነበሩ፤ ሁሉም ሆዮ፣ እናታችን፣ ይሏታል። እኔ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት ይዤ መሃል ከተማ አንድ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ ነበር።

ከተማዋ የራሷን ምክር ቤት ካገኘች ጥቂት ዓመታት ሆኗት ነበር። አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ለአንድ ሥራ የሚበቃ ገንዘብ አገኘ ተባለ። የእኛ ሰፈር ሰው የውሃው መስመር እስከ ላይ ይዘርጋልን፣ ቦኖም ይተከልልን አለ። የመሃል ከተማ ነጋዴዎችና ባለ ሆቴሎች ደግሞ አሮጌው አደባባይ ተቆፍሮ እንደገና ይነጠፍ፣ መብራት፣ ዘንባባና ፏፏቴ ይግባለት አሉ። ሁለታችንንም ወገኖች ለስብሰባ ጠሩን። ስለ ሰፈራችን የሚናገሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ፣ የሰፈሩ ሶማሌዎች ሁሉ የሚያከብሯቸው ሰው። ስብሰባው በፈረንሳይኛ ስለነበር እኔ የሄድኩት ቃላቸውን ላደርስ ነው።

ስብሰባውን የመራው ባለ መነጽር የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ትሑት ሰው ነበር። ይህን የምለው እየመረረኝ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር። «ብርድ ልብሱ አጭር ነው፤ ራስ ሲሸፈን እግር ይገለጣል» አለን። በጅቡቲ ሙቀት ስለ ብርድ ልብስ ሲያወራ እሱ ራሱ ላቡን ይጠርግ ነበር። ቀጠለና መሃል ከተማው ካማረ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳው ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘቡ ነገ የእናንተን ቧንቧ ይዘረጋል አለ። ለሽማግሌው ስተረጉም በልቤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ ነበር። ሽማግሌው ግን አንድ ቃል ብቻ መለሱ፦ «መጥታችሁ እዩን።»

ኃላፊውም እሺ አለ። ካየን በኋላ እንወስናለን፣ ጥማቱ የተባለውን ያህል ከሆነ ውሃው ይቀድማል አለ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብዬ በደስታ ወደ ቤት ሮጥኩ። ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።

እሷ ከነገርኳት ሁሉ የሰማችው «እንግዳ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። እሷ ብቻም አይደለችም። የአፋሯ ጎረቤታችን ልጆቿን አንድ በአንድ አጠበች። የሽማግሌው ሚስት ምንጣፍ አወጣች። ባዶ ጀሪካን ደጅ ተደርድሮ መታየቱ ነውር ነው ተብሎ ሁሉም በየጓሮው በሸራ ተሸፈነ። በሚመጡበት ቀን ጠዋት ስነሳ እናቴ ለሳምንት ያጠራቀምነውን ውሃ በጣሳ እየቀዳች ደጁ ላይ ታርከፈክፋለች። አቧራው እንግዶቹ ልብስ ላይ እንዳይነሳ ነው።

«እማዬ! ሰዎቹ የሚመጡት እኮ ጥማታችንን ሊያዩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ጥማት ለሰው ይታያል እንዴ?» አለችኝ፣ ጣሳውን ሳታስቀምጥ። «ደጄን አቧራ አልብሼ ሰው ልቀበል? ያሳደግኩሽ እንዲህ ብዬ ነው?»

ጣሳውን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ፤ አልለቀቀችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው፤ የእኔ እናት ግን ማማሰል ብቻ አይደለም፣ ድስቱንም አንስታ ትሰጣለች።

ሰዎቹ ረፋዱ ላይ መጡ፤ እኩለ ቀን ላይ ጫቱ ከተማ ከገባ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር ስለሌለ ቸኩለዋል። ከመኪናቸው ሲወርዱ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ልጆቹ ንጹህ ናቸው፣ ጥላው ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። እናቴ በረዶ የተጨመረበት የሎሚ ውሃ በብርጭቆ አቀረበች። ኃላፊው ጠጣ። ድገም አለችው፤ ደገመ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ በሶማልኛ እንዴት ናችሁ አላቸው።

እንዴት ናችሁ ሲባል ምን ይመለሳል? «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፣ ሰላም ነን» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ሰላምታ አለቀ። ሽማግሌው ወዲያው የገባቸው ይመስለኛል፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

እኔ ዝም አላልኩም። «ጌታዬ፣ ይህ ያለን ውሃ በሙሉ ነው። የጠጡት የእናቴ መድኃኒት ነው። እባክዎ ነገ ሳይናገሩ ይምጡ» አልኩት በፈረንሳይኛ። እሱ ወደ እርጥቡ መሬት ጎንበስ አለና ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ውሃ የጠማው ሰው መሬት አያጠጣም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እናቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ቤትሽ ያምራል አለ ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

ቦቴው ከዚያ በኋላ ለቀናት ቀረ። እናቴ ከጎረቤት መለመን አፈረችና የጉድጓዱን ውሃ መጠጣት ጀመረች። ሳገኛት ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ «ትንሽ ናት፣ ጉሮሮ ለማርጠብ ናት» እያለች ሸነገለችኝ። ወገቧን ይዛ የተኛችው በዚያው ሳምንት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔም ብዙ አልቆየም፤ አደባባዩ ይቀድማል፣ የባልባላው መስመር በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል ተባለ።

አደባባዩ ሲሠራ ከጨርቅ ቤቱ መስኮት ሆኜ በየቀኑ አየሁት። ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ዘንባባው ተተከለ፣ በመጨረሻም መሃሉ ላይ ውሃው ወደ ላይ ተወረወረ። በከተማዋ የሰፈሩ የውጭ ወታደሮች በየምሽቱ እየመጡ ፎቶ ይነሱበት ጀመር። እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ነበር።

እናቴ ግን ልየው አለች። ከሐኪም ስንመለስ ነው፤ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ እጄን ይዛ። ፏፏቴው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። እንድትረግማቸው ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ክፉ ቃል እንኳ ቢወጣት እኔም አብሬ ተራግሜ ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን ውሃውን ቀና ብላ አየችው።

«ሠሩት» አለች። «አማረ።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ ያንቺ ውሃ ነው።»

«ተይ እንጂ ልጄ። እንግዳ የሚመጣበት ደጅ መጀመሪያ ይጠረጋል። እኔስ ብሆን ምን አደረግኩ?»

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መልሱን ለብቻዬ ተናግሬዋለሁ። አንቺ ያፈሰስሽው የራስሽን ነው፣ እነሱ ያፈሰሱት ያንቺን ነው እላለሁ። ግን ለማን ልበለው? ተበዳይዋ ራሷ ከፈረደችላቸው እኔ የማን ጠበቃ ነኝ? ተስፋ የቆረጥኩት ውሳኔው የተሰማ ቀን አይደለም፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ነው። ሚኒባስ ይዘን ወደ ቤት ወጣን።

ኸምሲን፣ ያ የበጋው ትኩስ ነፋስ፣ በሚነፍስበት ወር ኩላሊቷ ተዘጋ። ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም። አስከሬኗን ወደ ቤት ባመጣንበት ቀን ቦቴ አልመጣም ነበር። የምትታጠብበት ውሃ ከየት እንደማመጣ ግራ ገብቶኝ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ብቅ አሉ። አፋሯ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ሽማግሌው የራሳቸውን እየጎተቱ፣ ሌሎቹም ለልጆቻቸው ያስቀመጡትን ይዘው። በሩ ሥር አስቀምጠው ለሚያጥቧት ሴቶች ቦታ ለቀቁ።

ሴቶቹ አጥበው ገነዟት። አንዷ እጇን እያደራረቀች ወጥታ፣ «ውሃው ተርፏል፣ የት እናድርገው?» አለችኝ።